እንጨት ይከሳል እንጂ አያጥርም

ሥራ ያቆምኩት ዓይኔ የመሰርሰሪያውን ጫፍ ምልክቱ ላይ ማሳረፍ ሲያቅተው ነው። ማንም አላሰናበተኝም። አንድ ቀን ጠዋት ቀዳዳው ከምልክቱ ሁለት ሚሊ ወደ ግራ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላው ወደ ቀኝ ወጣ። ትራፓኖውን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ ብናኙን ጠረግኩ፣ ጨርቅ አለበስኩት። በማግስቱ አልተመለስኩም።

ከዚያ በፊትም ሥራው ራሱ ከእኔ እየራቀ ነበር። የእኔ ሙያ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የብረት አግዳሚን በእንጨት ምሰሶ ላይ ማሳረፍ ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ፌሮና ሲሚንቶ እንጂ እንጨት አያስብም። በእኔ ጊዜ ግን አብዛኛው ቤት በእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነበር። ሰው ልጅ ሲወልድ፣ ዘመድ ሲጨመር ወይም ትንሽ ሲደላው ቤቱን ማስፋት ይፈልጋል። ግድግዳ ይወጣል፤ በግድግዳው ፋንታ ከጣሊያን ጊዜ መጋዘን የወጣ ረጅም ብረት ይገባል። ያ ብረት ጫፉ የሚያርፍበት ምሰሶ ያስፈልገዋል። እኔ የምገባው እዚያ ላይ ነው።

ወደዚህ ሥራ አስቤ አልገባሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አራዳ ውስጥ በአንድ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ አቶ መላኩ ይባላል፤ ችኩል፣ ግን ክፋት የሌለው ሰው ነበር። አንድ ቀን ደንበኛ ንድፍ ይዞ መጣና ሠራተኞቹ ልኩን ማንበብ አቃታቸው። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ንድፍ እወድ ስለነበር አነበብኩላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ላሜራው ላይ ልክ የማሰምረው እኔ ሆንኩ። ማስመሩ ወደ መብሳት፣ መብሳቱ ወደ መግጠም ወሰደኝ። በሁለተኛው ዓመት ወንበሬ ላይ ሌላ ጸሐፊ ተቀመጠች። ደመወዜ ብዙም አልተለወጠም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሴት ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ ብሎን ስታጠብቅ ለማየት የሚቆም ሰው አይጠፋም ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ አላፊ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ይቺ ልጅ ባል አጥታ ነው እዚያ የወጣችው?» አለ።

ከታች እንጨት ይጠርብ የነበረው ሰው ቀና ሳይል፣ «አይ፣ ቁልፍ አጥታ ነው። ያውልህ ከእግርህ ሥር፤ አቀብላት» አለው።

ሰውየው ሳይወድ ጎንበስ ብሎ የብሎን መፍቻውን አቀበለኝ። እንጨት ጠራቢው አያ አድማሱ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ከእሱ ነው።

አያ አድማሱ የጭልጋ ሰው ነው፤ አይከል አጠገብ ካለ መንደር የመጣ አናጢ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳውን አልፎ ነበር። የብረቱን ልክ የማወጣው እኔ፣ የእንጨቱን ነገር የሚያውቀው እሱ ስለሆነ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ላይ ተላክን። የሚናገረው ትንሽ ነው፤ የተናገረውን አይደግምም። ምሳውን ሲበላ እንኳ ፊቱን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ሠራው መጋጠሚያ አዙሮ ነው።

ልማዶቹን መቁጠር ቀላል ነው፤ ምክንያታቸውን ማወቅ ግን ዓመታት ወሰደብኝ። ዛፍ ሲቆረጥ ከቦታው ካለ፣ ገና ሳይጎተት በሥሩ በኩል በከሰል ምልክት ያደርጋል። ምሰሶው ሲተከል ያ ምልክት ወደ መሬት መሆን አለበት። ዛፉ እንደበቀለ ይቁም ነው ነገሩ። አንድ ጊዜ ተገልብጦ የተተከለ ምሰሶ አይቶ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ አስነቀለው። የቆመ ምሰሶ ሲያገኝ ደግሞ በመጥረቢያው እጀታ ከታች ወደ ላይ እየመታ ያዳምጣል። ኪሱ ውስጥ ሰም የያዘች ትንሽ የቀንድ ዕቃ አለችው። እያንዳንዱን ብሎን እንጨት ውስጥ ከማስገባቱ በፊት በሰም ያሸዋል። ዝገቱ እንጨቱን እንዳይበላው ነው፤ ይህን ራሴ ደረስኩበት።

ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው እኛ ኮፍያ በምንለው ነገር ነው። ወፍራም ላሜራ ታጥፎ ከምሰሶው አናት ላይ ይደፋል፤ በሁለት ወገን ሁለት ጆሮ ወደ ታች ይወርድለታል። ብሎኑ በአንዱ ጆሮ ገብቶ፣ ምሰሶውን አልፎ፣ በሌላው ጆሮ ይወጣና በዳዶ ይታሰራል። አግዳሚው ብረት ኮፍያው ላይ ተቀምጦ ከኮፍያው ጋር ይያያዛል። ለማየት ሌላ ነገር የለውም።

የሚያስቸግረው ሁለቱ ነገሮች የተለያየ ጠባይ ያላቸው መሆኑ ነው። ደባት ላይ አንድ ቤት ስንሠራ፣ ውርጭ ባደረበት አንድ ቀን ጠዋት አግዳሚውን ብነካው እጄ ረጠበ። ዝናብ አልነበረም፤ ብረቱን ራሱን አልቦት ነው። ላቡ ወርዶ የምሰሶው አናት ይጠጣዋል። አያ አድማሱ በኮፍያውና በእንጨቱ መካከል ሬንጅ የተነከረ ጆንያ የሚያነጥፈው ለምን እንደሆነ ያን ጠዋት ገባኝ። ስነግረው፣ «ብረት እንግዳ ነው፤ ቤቱ የእንጨት ነው። እንግዳ ሲመጣ አንጥፎ መቀበል ነው» አለኝ። በእሱ ልክ ይህ ረጅም ንግግር ነበር።

ሌላም አባባል ነበረው። ገና በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ኮፍያ ሠርቼ ሳሳየው አገላብጦ አየና፣ «እንጨት ይከሳል እንጂ አያጥርም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ማለቱማ እንደሰማሽው ነው» አለኝ።

ስለ ሰው የተነገረ ምሳሌ መስሎኝ ተውኩት።

የእትዬ ጥሩ ቤት አዘዞ ነበር። ባላቸው ሞተው ከልጃቸው ከሙሉ ጋር የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት ነው። የሚካኤል ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበሩ በእሳቸው ቤት ሲሆን ሰው በሁለት ክፍል ተከፍሎ መቀመጡ ያበሳጫቸዋል፤ እዚህ የተቀመጠው እዚያ የሚወራውን አይሰማም። መካከለኛው ግድግዳ ይውጣልኝ አሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ የፎቁ ወለል ተቀምጦበታል። ስለዚህ አግዳሚ ብረት ማስገባት ነበረብን። በአንደኛው ጫፍ ጤነኛ የጥድ ምሰሶ ነበረ። በሌላው ጫፍ አዲስ የባሕር ዛፍ ምሰሶ መትከል አስፈለገ።

ባሕር ዛፉን አያ አድማሱ አመጣው። የተቆረጠው በክረምት ነው። ጥቅምት ሲገባ በእጀታው መታ መታ አደረገና ለእትዬ ጥሩ ነገራቸው፤ እንጨቱ ገና ነው፣ የካቲት ይሁን። እሳቸው ግን የኅዳር ሚካኤል ተራ ደርሷቸዋል። ሚካኤል እስከ የካቲት አይጠብቀኝም አሉ። አቶ መላኩም ከእሳቸው ጋር ሆነ። አያ አድማሱ አልተከራከረም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲያው ብሎኑ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከአንዱ በታች። ጎን ለጎን እንዳታደርጊ» አለኝ። በዚያው ሳምንት አገሩ ላይ ሰው ሞቶበት ለልቅሶ ሄደ።

ኮፍያውን ብቻዬን ሠራሁ። አራት ቀዳዳ በሳሁበት፤ ሁለት ከላይ ጎን ለጎን፣ ሁለት ከታች ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ወደ ምሰሶው ጠርዝ ጠጋ ብሎ። በትምህርት ቤት ደብተሬ ብረት ከብረት ጋር የሚያያዘው እንዲህ ነበር። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚጣመምም አውቃለሁ፤ አራት ብሎን ከሁለት የበለጠ አጥብቆ ይይዘዋል አልኩ። ይህን የማይቀበል ሒሳብ አላውቅም ነበር።

አያ አድማሱ ሲመለስ ሁሉ ነገር ተገጥሟል። ከሥር ቆሞ ኮፍያውን ለረጅም ጊዜ አየው። ስለ ቀዳዳዎቹ አንድም ቃል አልተናገረም። «ዳዶዎቹን አንድ ዙር ላላ አድርጊያቸው» ብቻ አለኝ። እሱ እያየ አላላኋቸው። ሲሄድ መልሼ አጠበቅኳቸው። ይህን ለብዙ ዘመን ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር ሚካኤል በሰላም አለፈ። ማኅበርተኛው ሁሉ በአንድ ክፍል ተቀመጠ፤ እትዬ ጥሩም ደስ አላቸው። ጥር ላይ የፎቁ በር አልዘጋ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ጥሩ ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ቤቱ ውስጥ እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰሙ። ሲገቡ አግዳሚው በአንድ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። ልጃቸው ሙሉ ፎቅ ላይ ነበረች፤ ደረጃውን በዕንባ ወረደችው። ሰው አልተጎዳም።

እኔ፣ አቶ መላኩና አያ አድማሱ ደረስን። ምሰሶው ከኮፍያው ጆሮ ሥር ጀምሮ ክንድ ተኩል ያህል ወደ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ከየት እንደጀመረ ጆሮው ሸፍኖታል። ኮፍያውን ነቅሎ ማየት አይቻልም፤ ቤቱ በእሱ ላይ ነው። አቶ መላኩ ጎንበስ ብሎ አየና እርጥብ እንጨት ነው አለ። እትዬ ጥሩ ወደ አያ አድማሱ ዞሩ።

«ለእኔ ለብቸኛዋ እርጥብ እንጨት ታመጣለህ?»

«እንጨቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

ያቻኮሉት እሳቸው መሆናቸውን አላነሣም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ እንጨቱ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

አግዳሚውን በጊዜያዊ ድጋፍ አቆምነውና ሌላ ምሰሶ ተፈለገ። የደረቀ እንጨት በአቅራቢያው አልተገኘም። እትዬ ጥሩ ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ አስቆረጡ፤ ውሃው ገና ያልወጣለት፣ ሲጠረብ የሚንጠባጠብ። አያ አድማሱ በሥሩ በኩል ከሰሉን አደረገበት። እኔ ሁለተኛውን ኮፍያ በመጀመሪያው ልክ ሠራሁ፤ ያንኑ አራት ቀዳዳ። ኮፍያውን ሰጠሁት። ተቀበለኝና፣ «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ከዚያ በፊት ብቻውን ገጥሞ አያውቅም። ቅር አለኝ፤ ግን ሄድኩ።

በማግስቱ መጥቼ አየሁ። ከተሰነጠቀው ምሰሶ አጠገብ፣ ስንዝር ርቆ፣ አዲሱ ቆሟል። አራቱም የብሎን ራሶች በቦታቸው ናቸው፤ ከወዲያም አራት ዳዶ አለ። በመዶሻ ነካ ነካ አደረግኳቸው፤ አልተነቃነቁም። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም ምሰሶዎች በጭቃ ተመርገው ግድግዳ ሆኑ።

ያ ምሰሶ ቆመ። እትዬ ጥሩ የራሴ ዛፍ አልከዳኝም እያሉ ለሰው ነገሩ። አያ አድማሱን ደግሞ እርጥብ ሻጩ እያሉ ይጠሩት ጀመር። ስሙ ከአዘዞ አራዳ ለመድረስ አንድ ወር አልፈጀበትም። ሰው ሥራ ሲያዝ፣ ያ እርጥብ ሻጭ አይምጣብኝ ማለት ያዘ። አቶ መላኩ አላባረረውም፤ ግን የሚልክበት ቤት አጣ። በዓመቱ መጨረሻ መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልሎ ወደ አይከል ተመለሰ።

ነገሩ ያልጣመኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኀዘን አልልም፤ የማይገጥም ሒሳብ ነበር። የመጀመሪያው ምሰሶ እርጥብ ስለነበር ተሰነጠቀ ከተባለ፣ ሁለተኛው ይበልጥ እርጥብ ነበር። ኮፍያው አንድ ዓይነት ነው፤ ቀዳዳውም አንድ ነው። ታዲያ ምነው አንዱ ተሰንጥቆ ሌላው ቆመ?

ቤቴ መስኮት አጠገብ መደርደሪያ ሠራሁ። ከሥራ የሚተርፈውን የእርጥብ ባሕር ዛፍ ቁራጭ ሁሉ እያመጣሁ እደረድርበት ጀመር። በየወሩ ርዝመቱንና ስፋቱን ለክቼ ወሩን በእርሳስ እጽፍበታለሁ። እናቴ እንጨት እንደ ሕፃን ይለካል እንዴ ትለኝ ነበር። በሰባተኛው ወር ቁጥሮቹን አስተያየሁ። ስፋቱ አሥራ ስድስት ሳንቲም የነበረው ቁራጭ አንድ ሳንቲም ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቀንሷል። ርዝመቱ እንደነበረ ነው። እንጨት ይከሳል እንጂ አያጥርም። ምሳሌ አልነበረም ለካ፤ ልክ ነበር።

ከዚያ ሁለት እርጥብ ቁራጭ ወሰድኩ። በአንዱ ላይ ሁለት ብሎን ጎን ለጎን አድርጌ በላሜራ አሰርኩት፤ በሌላው ላይ አንዱን ከአንዱ በታች። እንጨቱ ሲከሳ ወደ መሐሉ መሰብሰብ ይፈልጋል። ጎን ለጎን ያሉትን ብሎኖች ግን ላሜራው አይለቃቸውም። ግራ የሚሄድበት፣ ቀኝ የሚሄድበት ያጣ እንጨት ምን ያደርጋል? በሦስተኛው ወር ጎን ለጎን የታሰረው ተሰነጠቀ። ሌላው ጤነኛ ነበር።

ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ምሰሶ ግን ይህን ይከለክለኛል። በእኔው ቀዳዳ፣ ከዚያ በባሰ እርጥብ እንጨት፣ ቆሟል። መደርደሪያዬ እውነት ከሆነ እሱ መቆም አልነበረበትም።

አይከል ሄድኩ። አያ አድማሱ ከቤቱ ደጅ ለገበሬ ቀንበር ይጠርብ ነበር። ውሃ አስመጣልኝ፤ ከጠጣሁ በኋላ ጠየቅኩት።

«አያ፣ የአዘዞው ሁለተኛ ምሰሶ ምነው ሳይሰነጠቅ ቀረ?»

«ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«የቆመ ምሰሶ ምነው ቆምክ ይባላል? የወደቀውን ነው የሚጠይቁት።»

«ለወደቀውማ ነው የመጣሁት። ቀዳዳዬ ነው መሰለኝ። ለአቶ መላኩም፣ ለእትዬ ጥሩም ልናገር ነው።»

መጥረቢያውን አላቆመም። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

ስለ ሁለተኛው ምሰሶ አሰብኩ። «አይደለሁም» አልኩት።

«እርግጠኛ ስትሆኚ ተናገሪ» አለ። ከዚያ እናቴ ደኅና መሆኗን ጠየቀኝ። ስሄድ የሰሟን ቀንድ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ቀንበር ሰም አይፈልግም አለኝ። ከአራት ዓመት በኋላ መሞቱን ከመንገደኛ ሰማሁ።

የቀረው የሥራ ዘመኔ ረጅም ነው፤ እዚህ ግን ባጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ኮላ ድባ ሁለት ዓመት ሠራሁ። የዚያ አገር ጥቁር መሬት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ምሰሶ መሬት ውስጥ መቅበር ትቼ ድንጋይ ላይ ማቆም የተማርኩት እዚያ ነው። ዛሪማ ደግሞ ምስጥ ነው። አንድ አለቃ ነበረኝ፤ የምሰሶ እግር ላይ የብረት ጫማ ላድርግ ስለው ምስጥ ብረት አይበላም ወይ ብሎ ይቀልድብኝ ነበር። በዓመቱ የራሱ ቤት ምሰሶ ከሥሩ ሲበላ መጥቶ ጫማ ለኪልኝ አለኝ። በኋላ አቶ መላኩ ሲሞት አራዳ ላይ የራሴን ትንሽ ቤት ከፈትኩ። በሄድኩበት ሁሉ ብሎኖቼን አንዱን ከአንዱ በታች አደረግኩ። አንድም አልተሰነጠቀብኝም። መደርደሪያው ግን መልሱን አልሰጠኝም። በአዘዞ ባለፍኩ ቁጥር ያንን ግድግዳ ከውጭ አየው ነበር።

ሥራ ባቆምኩ በዓመቱ የእትዬ ጥሩ ልጅ ሙሉ ደወለችልኝ። አሁን የልጅ ልጆች ያሏት ሴት ናት። ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ በቦታው ኮንክሪት ይቆማል። ከግድግዳው ውስጥ የእኔ ሥራ የሆነ ብረት ስለወጣ ለመታሰቢያ ትፈልጊው እንደሆነ ብዬ ነው አለችኝ። ማንም እንዳይነካው ለምኜ፣ መፍቻና ጠርሙስ ላምባ በቦርሳ ይዤ ሄድኩ።

ጣሪያው ወርዷል። አግዳሚውንም በክሪክ አንሥተው አውርደውታል። ሁለቱ ምሰሶዎች ጭቃቸው ተራግፎ፣ ኮፍያቸውን እንደደፉ ጎን ለጎን ቆመዋል። የሠራተኞቹ አለቃ ሲሳይ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝ።

«ብሎን ልፈታ ነው።»

«ብሎንማ ፒያሳ አዲሱ ሞልቷል።»

«ይህኛው አርባ ዓመት የቆየ ነው» አልኩት። ሳቀና መሰላሉን ያዘልኝ።

መጀመሪያ የተሰነጠቀውን ፈታሁ። አራቱም ብሎን በላምባ እየራሱ በግድ ወጡ። ኮፍያውን ሲሳይ አነሣው። ስንጥቆቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ከግራው የላይኛ ቀዳዳ ጀምሮ በታችኛው አልፎ ይወርዳል፤ ሌላው በቀኙ በኩል እንዲሁ። በመሐላቸው ያለው እንጨት ደኅና ነው። እዚህ ድረስ መደርደሪያዬ እንደነገረኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። በቀኝ በኩል ያሉትን ሁለቱን፣ የላዩንና የታቹን፣ ፈታሁ። ሰም ስለተቀቡ ከመጀመሪያዎቹ ቀለል አሉኝ። በግራ ያለውን የላይኛውን መፍቻ አስገብቼ ገና ጫን ስለው ራሱ እጄ ላይ ወደቀ። አጭር ነበር፤ የአውራ ጣት ያህል። ጫፉ በብረት መጋዝ፣ በሴጌቶ፣ ተቆርጧል። በወዲያው ጆሮ በኩል ዳዶው ያለበት ሌላው ቁራጭ እንዲሁ ወጣ። በሁለቱ መካከል ብሎን አልነበረም። ቀዳዳውን ሰም ሞልቶታል። የታችኛውም እንደዚያው ነበር።

ሁለቱን ቁራጮች እዚያው መሰላሉ ላይ አጋጥሜ አየኋቸው። ሲሳይ ደከመዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ምሰሶውን የያዙት ሁለት ብሎኖች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ በታች። እንጨቱ በግራው ወገን ያለ ከልካይ ከስቷል። አያ አድማሱ ገና ኮፍያዬን ከእጄ ሲቀበል ጥፋቱ የት እንደሆነ ያውቅ ነበር። አራት ቀዳዳ ላይ ሁለት ብሎን ቢታይ ሰው ለምን ይል ነበር፤ አቶ መላኩም ወደ እኔ ይዞር ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በሴጌቶ ቆርጦ፣ ራሳቸውን ከወዲህ፣ ዳዶአቸውን ከወዲያ በሰም ሰክቶ ሄደ። እርግጠኛ ስትሆኚ ተናገሪ ሲለኝ እርግጠኛ መሆን የማልችልበትን ግድግዳ መርጎ ጨርሶ ነበር።

እትዬ ጥሩ ጎረቤት ግቢ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ደኅና ነው። አጭሮቹን ቁራጮች እጃቸው ላይ አስቀምጬ የሆነውን በሙሉ ነገርኳቸው። የቀዳዳዎቹን፣ መልሼ ያጠበቅኳቸውን ዳዶዎች፣ የመጀመሪያው እንጨት ጥፋት እንዳልነበረበት። ቁራጮቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ?» አሉኝ።

«እርግጠኛ የሆንኩት ዛሬ ነው።»

«እኔኮ ይህን ሁሉ ዘመን እርጥብ ሻጩ ስለው ኖሬያለሁ። ያውም ያቻኮልኩት እኔ።»

ቀጥለውም የአያ አድማሱን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። በሚካኤል ቀን ለቄሱ ሰጥተው ሊያስጠሩት ነው።

አላውቀውም ነበር። ስለ ሰም፣ ስለ ከሰል፣ ስለ ጆንያ ስጠይቀው አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ይህን አልጠየቅኩትም። አላውቅም አልኳቸው። እርግጠኛ ስሆን እነግርዎታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ሲሳይ የሁለተኛውን ምሰሶ አናት፣ ክንድ ያህል፣ በመጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ። በማክሰኞው የአይከልን መኪና ያዝኩ። የአያ አድማሱ ምራት ቤት ነበረች። እንግዳ ስለሆንኩባት ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የክርስትና ስሙን ነገረችኝ። ለእትዬ ጥሩ በወረቀት ጽፌ በልጃቸው በሙሉ በኩል ላክሁላቸው።

የምሰሶው አናት አሁን መስኮቱ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ በእንጨቶቼ ላይ የጻፍኩት ወርና ስፋት ብቻ ነበር። በዚህኛው ላይ ስፋቱን አልለካሁም። በእርሳስ ኃይለ ጊዮርጊስ ብዬ ጻፍኩበት፤ በሥሩ በኩል ያለውን ጫፍ ወደ ታች አድርጌም አቆምኩት።